የመርፌው ምስል ምን ይመሰክራል? አኩፓንክቸር፣ ድባቴና የአንጎል ትስስር

በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውሮኢሜጅ፦ ክሊኒካል በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 46 ሴቶችን ይዞ ነበር። ሁሉም ድባቴ አለባቸው፤ ሁሉም ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። አንደኛው ቡድን ከመድኃኒቱ በተጨማሪ እውነተኛውን የአኩፓንክቸር መርፌ፣ ሌላው ደግሞ የማስመሰያ መርፌ ለ8 ሳምንት ተሰጠው። በሕክምናው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሴቶቹ ኤም አር አይ ውስጥ ተኝተው የአንጎላቸው ምስል ተነሣ። እውነተኛው መርፌ የደረሳቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ የድባቴ መለኪያቸው ወረደ። ፍርሃትንና ስሜትን ከሚያስተናግደው ከአሚግዳላ፣ ሲንጉሌት ወደተባለው የአንጎል ክፍል ፊተኛ ጎን ያለው ትስስርም ጠነከረ። ትስስሩ ይበልጥ የጠነከረላቸው ደግሞ ይበልጥ የተሻላቸው ነበሩ።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲነበብ ልብ ይሞላል። ለሺህ ዓመታት በልምድ የኖረ ጥበብ በመጨረሻ በማሽን ተመሰከረለት ያሰኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳይ ጥናቶች ወጥተዋል፤ «መርፌ የታመመውን አንጎል መልሶ ያስተሳስራል» የሚለው አባባልም ከጥናት ክፍል ወጥቶ የክሊኒክ ማስታወቂያ ሆኗል። የእኔ ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያንን ማስታወቂያ የሚያነበው ሰው ጠዋት ከአልጋው መነሣት ተራራ የሆነበት ሰው ነው። ገንዘቡንም፣ ጊዜውንም፣ የቀረችውን ተስፋም አውጥቶ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ ምስሉ በትክክል ምን እንደሚል ማወቅ ይገባዋል። መርፌው ለአንዳንድ ሕሙማን የሚያደርገው ነገር እንዳለ አምናለሁ። የአንጎል ምስሉ ግን ዛሬ የተሸከመውን ያህል ምስክርነት መሸከም አይችልም።

ትስስር ሲባል ገመድ ወይም ሽቦ በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል። ማሽኑ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል። ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ያሳየው ይህ የደም ለውጥ በኤም አር አይ ሊታይ እንደሚችል ነበር። ሁለት ክፍሎች ደማቸው እኩል ከፍ፣ እኩል ዝቅ ሲል ተመራማሪዎቹ «እነዚህ ተሳስረዋል» ይላሉ። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሁለት ግቢዎችን የሚያይ ሰው ይታሰበን። ከሁለቱም ግቢ የቡና ጭስ በአንድ ሰዓት ይነሣል፣ በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ሰውየው ጎረቤቶቹ ቡና ይጠራራሉ ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ምናልባትም ይጠራራሉ። ምናልባት ግን ሁለቱም ቅዳሴ ሲያልቅ ወደየቤታቸው የገቡ ናቸው፤ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ጭሱ እኩል ይነሣል። ያ ሰው ያየው ጭስ ነው፤ ወሬያቸውን አልሰማም።

በዚህ ዓይነት ማየት ብዙ ተምረናል። በ1995 ባራት ቢስዋል ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ በተኛ ሰው አንጎል ውስጥ እጅን የሚያንቀሳቅሱት የግራና የቀኝ ክፍሎች እኩል እንደሚወጡና እንደሚወርዱ አሳየ። በ2001 ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ ሰው ሥራ ሲፈታ ከማረፍ ይልቅ ንቁ የሚሆኑ የአንጎል ክፍሎች መኖራቸውን ጻፉ። ይህን እዚህ የዕረፍት መረብ ልበለው። ስለ ራሳችን ስናስብ፣ ያለፈውን ስናስታውስ፣ የሚመጣውን ስንገምት የሚሠራው ይህ መረብ ነው። ለድባቴ ተመራማሪዎች ነገሩ ወዲያው ትርጉም ሰጠ። ከድባቴ የተለመዱ ምልክቶች አንዱ ማብሰልሰል ነውና፦ «ምን አጥፍቼ ነው? ለምን እንዲህ ሆንኩ? ነገስ ምን ይውጠኛል?» እያለ አንዱን ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ማመላለስ። በ2007 ማይክል ግሬሺየስና ባልደረቦቹ በድባቴ ሕሙማን የዕረፍት መረብ ውስጥ የሲንጉሌት የታችኛው ክፍል ከመጠን በላይ ተሳስሮ አገኙት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሄለን ሜይበርግ መድኃኒት ያልመለሳቸውን ሕሙማን በኤሌክትሪክ ያነቃቃችው ይህንኑ ሠፈር ስለነበር ታሪኩ የተያያዘ መሰለ። የዕረፍት መረቡ ከልክ በላይ ተጣብቋል፤ ሰውየው ከራሱ ሐሳብ መውጣት አቅቶታል፤ ጥሩ ሕክምና መረቡን ያላላል።

አብዛኞቹ የአኩፓንክቸር ጥናቶች የተጻፉት በዚህ ታሪክ ላይ ቆመው ነው። መርፌው ትስስሩን ከቀነሰ «ወደ ጤናማው ሁኔታ መለሰው» ይባላል።

በ2019 ግን ቻይናውያን ተመራማሪዎች ራሳቸው ታሪኩን ከሥሩ የሚያናጋ ሥራ አወጡ። ያን ቻዎጋንና ባልደረቦቹ ከ25 የቻይና የምርምር ቡድኖች የ1,300 የድባቴ ሕሙማንንና የ1,128 ጤነኞችን የአንጎል ምስል ሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ በዓይነቱ ትልቁ ስብስብ ነበር። ከዚያ ውስጥ ለንጽጽር የሚበቁትን ለይተው ሲመረምሩ የዕረፍት መረቡ ትስስር በሕሙማን ላይ ከመጠን በላይ ሆኖ ሳይሆን ቀንሶ አገኙት። መቀነሱ የታየው በሽታው በተደጋገመባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው መድኃኒት ባልጀመሩት ላይ አልታየም። የባሰው ደግሞ፣ መቀነሱ በሽታው ከቆየበት ዘመን ይልቅ ከመድኃኒት መውሰድ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው።

የ46ቱን ሴቶች ጥናት ከዚህ በኋላ መልሼ ሳነበው እንደ ፊቱ አልሆነልኝም። በሽታው ትስስሩን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለው ራሱ ካልተቋጨ፣ «መርፌው ትስስሩን አስተካከለው» ማለት ምን ማለት ነው? ስንት ሲሆን ነው የተስተካከለው? የደም ግፊት ልክ አለው፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል፣ ከዚህ በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። የዕረፍት መረብ ትስስር እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ልክ በሌለበት ሲጨምርም «ተጠናከረ»፣ ሲቀንስም «ረገበ» እየተባለ ሁለቱም ደግ ወሬ ይሆናል። አብዛኞቹን ዘገባዎች የምጠረጥረው በዚህ ነው። የትኛውም ለውጥ እንደ መዳን የሚተረጎም ከሆነ፣ መርፌው አልሠራም የሚያሰኝ ውጤት ከወዴት ይመጣል?

ይህን ስል መርፌ አንጎልን አይነካም ማለቴ አይደለም። በ2000 ካትሊን ሁይና ባልደረቦቿ በአሜሪካው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል 13 ጤነኛ ሰዎችን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው፣ ቻይናውያን ሄጉ በሚሉት ነጥብ ላይ ወጉ። 11ዱ ባለሙያዎቹ «ደ ጪ» የሚሉት ስሜት መጣባቸው፤ የመደንዘዝ፣ የመክበድ፣ ውስጥን የመጫን ዓይነት። በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ አሚግዳላና ሂፖካምፐስን የመሰሉ የስሜት ክፍሎች ሥራቸውን ቀነሱ። ሁለቱ ግን ደ ጪ ሳይሆን ሹል ሕመም ነበር የተሰማቸው፤ የእነሱ አንጎል በተቃራኒው ጋለ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ይህን ጥናት እወደዋለሁ። ሰው የተሰማውን ከምስሉ ጋር አስተያይቷል፤ አንጎል በመርፌው ብረት ሳይሆን በስሜቱ ዓይነት እንደሚመልስ ጠቁሟል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የጆሮው መንገድ ነው። ቬገስ የተባለው ነርቭ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ሆድ ሲወርድ አንዲት ቅርንጫፉ ወደ ጆሮ ትወጣለች። የአኩፓንክቸር ሐኪሞች ጆሮንም ይወጋሉ። በ2016 ባዮሎጂካል ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የቻይናና የአሜሪካ ባለሙያዎች ጥናት ይህችን ቅርንጫፍ በቆዳ ላይ በኤሌክትሪክ በማነቃቃት በድባቴ ሕሙማን የዕረፍት መረብ ላይ ለውጥ አየ። በደረት ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚቀበረው የቬገስ ማነቃቂያ በአሜሪካ ለጸና ድባቴ ከ2005 ጀምሮ ስለተፈቀደ እዚህ ላይ ነርቩም፣ መንገዱም፣ ቀዳሚ ማስረጃም አለ። «ቺ» የተባለው ኃይል በማይታይ መስመር ይፈሳል ከሚለው ማብራሪያ ይልቅ ይህ ሊመረመር የሚችል ነው። ሲመረመርም ሥራው የኤሌክትሪክ እንጂ የመርፌ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ጥናት በራስ አናት ላይ ያለውን ባይሁይ የተባለ ነጥብ የተመለከተ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው መድኃኒት ያልጀመሩ 29 ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተወግተው የዕረፍት መረባቸው ትስስር እንደተለወጠ በ2016 ተዘገበ። ዘገባው ብዙ ቦታ እንደ ድጋፍ ይጠቀሳል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። በአንድ ቀን ከድባቴ የሚድን የለም። ትስስሩ በአንዲት መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ከተለወጠ፣ የትስስር ለውጥና መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። አንድ ስኒ ቡናም ይለውጠዋል፤ ዓይን መጨፈንም፣ እንቅልፍ መጫንም ይለውጠዋል። የራስ ትንሽ መነቃነቅ እንኳ የሌለ ትስስር ያለ፣ ያለውንም የሌለ እንደሚያስመስል በ2012 ታይቷል። ሕክምና ላይ ቆይቶ መንፈሱ የረጋ ሰው ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ዝም ብሎ መተኛት ሊቀለው ይችላል።

የማስመሰያውን መርፌ ጉዳይ ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ የክርክሩ እምብርት ግን እሱ ነው። ክኒን ለመሞከር የዱቄት ክኒን ይበቃል፤ ታካሚውም ሐኪሙም አይለዩትም። መርፌን በምን ታስመስለዋለህ? በ1998 ጀርመናዊው ኮንራድ ሽትራይትበርገር ልክ በቴያትር መድረክ ላይ እንደሚሠራበት ጩቤ ቆዳ ሲነካ ወደ እጀታው የሚገባ መርፌ ሠራ። ታካሚው የተወጋ ይመስለዋል። ወጊው ግን ያውቃል። በቻይና ደግሞ ታካሚውም ሊያውቅ ይችላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደ ጪ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ስሜቱ ሳይመጣ ሲቀር ይጠረጥራል። የማይወጋው መርፌም ቢሆን ቆዳን ይነካል፤ ቆዳ ሲነካ አንጎል ይሰማል። ስለዚህ እውነተኛው መርፌ ማስመሰያውን ሲበልጥ «ታካሚው ስላወቀ ነው»፣ ሳይበልጥ ሲቀር ደግሞ «ማስመሰያውም ይሠራልና ነው» ይባላል። ሁለቱም ማምለጫ ነው።

ምስሉ ከዚህ ክርክር አያወጣንም። ያችው ሄለን ሜይበርግ በ2002 ፍሉኦክሰቲን ከወሰዱ ሕሙማን ጎን የዱቄት ክኒን ወስደው የተሻላቸውን አንጎል አነሣች። የሁለቱ ለውጥ ብዙ ቦታ ላይ ተገጣጠመ። የተሻላቸው 8 ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ 4 በመድኃኒት 4 በዱቄት፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ሰው ተስፋ ሲያደርግ፣ ሲታከም፣ ሲሻለው አንጎሉ ይለወጣል። አእምሮ የሚኖርበት ቤት አንጎል ነውና ከዚያ ሌላ የት ይለወጥ? «አንጎሉ ተለውጧል» ማለት «ሰውየው ተሽሎታል» የሚለውን በሌላ ቋንቋ መድገም ሊሆን ይችላል፤ ምን እንዳሻለው ግን አይነግረንም።

በዚህ ላይ የቁጥር ችግር አለ። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት 70 የምርምር ቡድኖች አንድ ዓይነት የአንጎል ምስል ተሰጥቷቸው 9 ጥያቄዎችን እንዲመልሱ ተጠየቁ፤ ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ መልሳቸው ጉልህ ልዩነት ነበረው። በ2022 ደግሞ ስኮት ማሬክና ባልደረቦቹ በዚያው መጽሔት ላይ የአንጎልን ሁኔታ ከሰው ጠባይና ሕመም ጋር አያይዞ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳዩ። ብዙዎቹ የአኩፓንክቸር የምስል ጥናቶች የሚይዙት 20፣ 30፣ 50 ሰው ነው። አንድሩ ቪከርስ በ1998 ሲመረምር ከቻይና የወጡ የአኩፓንክቸር ሙከራዎች ሁሉ ውጤታቸው አዎንታዊ ሆኖ አግኝቶት ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሕክምና በዓለም ላይ የለም፤ ያልተሳካው ሙከራ ከመሳቢያ አልወጣም ማለት ነው።

ታዲያ ምስሉን ትተን ሰዎቹን ብንጠይቅስ? በ2018 ኮክሬን የተባለው ገለልተኛ የምርምር መረብ 64 ሙከራዎችንና 7,104 ሰዎችን አጠቃሎ መረመረ። አኩፓንክቸር ሕክምና ካለማግኘት ወይም ከተለመደው ክትትል ብቻ ጋር ሲነጻጸር ድባቴን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል አገኘ። ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ሃሚልተን በተባለው የድባቴ መለኪያ 1.69 ነጥብ ብቻ ሆነ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች በ2004 ታካሚው ሊሰማው የሚችል ልዩነት ብለው የወሰዱት 3 ነጥብ ነበር። የማስረጃውንም ጥራት ኮክሬን ዝቅተኛ ብሎታል።

በእንግሊዝ ሂዩ ማክፈርሰንና ባልደረቦቹ በ2013 ያወጡት ሙከራ ለእኔ ከማንኛውም ምስል ይልቅ ይናገራል። 755 የድባቴ ሕሙማን ተካፈሉ፦ 302 ከተለመደው ክትትል ጋር አኩፓንክቸር፣ 302 ከተለመደው ክትትል ጋር የምክር አገልግሎት፣ 151 የተለመደው ክትትል ብቻ። ከ3 ወር በኋላ መርፌውም ምክሩም ከተለመደው ክትትል በለጡ። በመርፌውና በምክሩ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በየሳምንቱ እየሄዱ ከአንድ ትዕግሥተኛ ባለሙያ ጋር መቀመጥ፣ መደመጥ፣ መነካት፣ በጸጥታ መተኛት ለተጨነቀ ሰው ምን ያህል እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም። መርፌው የዚያ ሁሉ አንድ ክፍል ነው። በዚያ ሙከራ ማስመሰያ መርፌ ስላልነበረ ድርሻው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ እፎይታው ግን የእውነት ነበር።

የትስስር ምርምር በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንጎል ምስል ይነሣል፤ ከሲንጉሌት የታችኛው ክፍል ጋር በተቃራኒ የሚሄደው የግንባር ነጥብ ይፈለጋል፤ በማግኔት የሚመታው ያ ነጥብ ነው። በአንድ ትንሽ ሙከራቸው 14 ሰዎች እውነተኛውን፣ 15 ማስመሰያውን አገኙ። ከ4 ሳምንት በኋላ የድባቴ መለኪያው በአማካይ በመጀመሪያዎቹ 52.5 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 11.1 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በ2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ፈቀደ። ይህም ቢሆን በብዙ ሰው መደገም አለበት። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ እዚያ ምስሉ ከሕክምናው በፊት ቀድሞ ይናገራል፣ ሐኪሙን ይመራል። በብዙዎቹ የአኩፓንክቸር ጥናቶች ምስሉ የሚተረጎመው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የሆነውን ለማሳመር ነው። አንድ ቡድን የሕመምተኛን ምስል አይቶ «ይህች ሴት በባይሁይ ነጥብ ትድናለች፣ ያቺ አትድንም» ብሎ አስቀድሞ ቢጽፍና በብዙ መቶ ሰዎች ላይ ቢሳካለት፣ ሐሳቤን ለመለወጥ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው፤ የመርፌውም ሕክምና ከእነሱ ጋር ገብቷል። አገራችን ውስጥ ድባቴ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ «አዝኛለሁ» አይልም። «አናቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴን ይከብደኛል፣ ምግብ አይበላልኝም» ይላል። ሕመሙን በሰውነቱ የሚናገር ሰው ሰውነቱን የሚነካ ሕክምና ሲቀርብለት ይቀናዋል። ከዋግምት ጋር የኖረ ሕዝብ መርፌን አይፈራም። ይህ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ጥሩ ሐኪም ይህን ቋንቋ ሊያውቅ ይገባል። አደጋው ያለው «አንጎልዎን በመርፌ እናስተካክላለን፣ መድኃኒቱን ይተዉት» የሚል ሲመጣ ነው። በመግቢያዬ የጠቀስኳቸው 46 ሴቶች ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር። ያ ጥናት ስለ መርፌ ተጨማሪነት እንጂ ስለ መርፌ ምትክነት አንዲት ቃል አይናገርም።

አኩፓንክቸር መሞከር የሚፈልግ ንጹሕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራበት መርፌ ከሚጠቀም የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ይሞክር፤ እፎይ ካሰኘው ይቀጥል። ክሊኒኩ የአንጎል ምስል እያሳየ ዋጋውን ከፍ ካደረገ ግን ለምስሉ ብላችሁ አንዲት ብር አትጨምሩ። የሚከታተላችሁን ሐኪም ሳታማክሩም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው በቤታችሁ ካለ ደግሞ የመርፌም ሆነ የሌላ ነገር ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት አብራችሁት ሂዱ።